የመስቀሉ ልብስ ለምን ጠቆረ?

ለክቡር የአውራጃችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ለዶክተር ቴሌስፎሮ ባሳን

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ከተቻለም መስኮቱ በተከፈተ ቢሮ ውስጥ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ግንቦት፣ እናቴ ዶኛ ኤውላሊያ የኮረብታውን መስቀል ነጭ ልብስ ባለበሰች ማግስት፣ ጎረቤታችን ዶኛ ሳቢና ደጃፋችን ላይ ቆማ፣ «ኤውላሊያ፣ ዘንድሮስ መስቀሉን ያለበስሽው በወለል መወልወያ ነው እንዴ?» ያለቻት ጊዜ ነው። በየግንቦቱ በዓል መስቀሉን የማልበሱ ተራ ያን ጊዜ የቤተሰባችን ነበር፤ በመንደራችን በዋይራማርካ ደግሞ መስቀሉን በቆሸሸ ልብስ ያቆመ ሰው ስሙ በክፉ ሲነሳ ይኖራል። እናቴ ልብሱን አውርዳ ግቢያችን ውስጥ አራገፈችው፤ የአምስት ዓመቷ እህቴ ሚልካም ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ገብታ እየሳቀች በእግሯ ረገጠችላት። በዓሉ እስኪያልፍ ልብሱ በጠቆረ ቁጥር እያወረዱ አጠቡት። እኛ የምናስበው ስለ ነውራችን እንጂ ከመንደራችን አጠገብ ስላለው የማዕድን ማቅለጫ ጭስ አልነበረም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. የሚልካ ደም ተመርምሮ እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት ሲገኝበት፣ ያን ያህል ሥራ እያለብዎ እናቴን ራስዎ ስላነጋገሩልን እናመሰግናለን። ስለ ጭሱ አላነሱም፤ «እመቤት፣ ቤትዎን በደረቅ መጥረጊያ ነው የሚጠርጉት አይደል?» አሏት እንጂ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ወለሉን እየወለወለች ታለቅሳለች፤ ልጄን የመረዝኳት እኔ ነኝ ትላለች። ሚልካ ደግሞ ዓምና አሳምራ የምትጠራቸውን የቀለማት ስሞች ዘንድሮ እየረሳች ነው።

፪. እርሳሱን እንድንታጠበው ሳሙና ስላከፋፈሉን። ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ብናኝ በአፍንጫ ገብቶ ከሳንባ ወደ ደም እንደሚያልፍ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ ሳሙናውን በየት በኩል መተንፈስ እንዳለብን ግን አብሮ በታደለን መመሪያ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

፫. የአየር መለኪያውን ጭሱ ከማይደርስበት ከኮረብታው ጀርባ፣ መቃብራችን አጠገብ ስላስተከሉልን። የሙታኖቻችን አየር ንጹሕ መሆኑን በየወሩ እየሰማን እንጽናናለን።

ሌላም አለ። ኬሚስትሪ ያስተማረችኝ ይህችው እናቴ ገበያ ላይ ድንች ሸጣ ነውና፣ ከመስቀሉ ልብስ ቁራጭ ቀድጄ ወደ ተማርኩበት ቤተ ሙከራ ወሰድኩት፤ እርሳስ፣ አርሴኒክና ካድሚየም የተባሉት መርዞች ተገኙበት። ውጤቱን ይዤ ቢሮዎ ስመጣ፣ ጸሐፊዎ «ጨርቅ የአየር መለኪያ አይደለም» ብለው በትሕትና መለሱኝ። እውነታቸውን ነው። ጨርቁ የተሰቀለው እኛ የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ነው።

እኔ ደክሞኛል፣ ክቡርነትዎ። ቢሆንም ለወንበርዎ ዕድሜን፣ ለሳንባዎ የመቃብራችንን አየር እየተመኘሁ፣ በሳል በተቋረጠ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ዮቫና ያውሪ
ከዋይራማርካ፣ ከጭስ ማውጫው ሥር

ማሳሰቢያ፦ የመጪው ግንቦት ተራ የዶኛ ሳቢና ነበር። ስለ ቤተ ሙከራው ውጤት ስትሰማ ቤታችን መጥታ ተራዋን ለእናቴ ሰጥታታለች። ልብሱ ነጭ ሆኖ ይሰቀላል፤ ቢጠቁርም አይወርድም፣ አይታጠብም። ከቢሮዎ መስኮት፣ ሳይከፍቱትም ቢሆን፣ በደንብ ይታያል። ድህነታችንን ለምደነዋል፣ ሳሙናዎንም ተቀብለናል፤ የጭስ ማውጫው እድፍ የእናቴ እድፍ ነው መባሉን ግን ከእንግዲህ አልቀበልም።