ከልጄ ጋር የተሰለፍኩበት መስከረም

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

ሙቀቱ ለጉድ ነው። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰርቪስ ስወርድ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። ራት ላይ እንደ ልማዴ፣ "ያኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ ባላቋርጥ ኖሮ..." ብዬ ጀመርኩ። ያቋረጥኩት ስምረት ዲናን ስታረግዝ ነው።

ስምረት የጎረሰችውን ዋጠች። "ስማ፣ ከተጋባን ጀምሮ ይቺኑ እሰማለሁ። ወይ ሂድና ተማር፣ ወይ ዝም በል!"

ዲና ሳቀች። ልጄ ስትስቅ ካየሁ ስንት ጊዜዬ... ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ "ደህና" ብቻ ሆኗል ቃሏ። ትምህርት እንዴት ነው? ደህና። ጤናሽስ? ደህና።

ዝም ማለት እንደሁ አልችልም። ልማር ነው ማለት ነው? በአርባ አራት ዓመቴ?

እሁድ፣ ጳጉሜን 2

ለዋበሪ ነገርኩት። ባጃጅ ነጂ ጎረቤቴ ነው፤ ምስጢር የሚነገረው ሰው አይደለም፤ መቼስ።

"ዋርያ! አቦ አንተ ጡረታህን አስብ!" ብሎ ደቻቱ ድልድይ ላይ ባጃጁን አቁሞ ሳቀ። ከኋላችን ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ነፋብን። እስኪመሽ ከዚራ ሰፈር ድረስ ያልሰማ የለም። "ተማሪው!" እያሉ ይጠሩኛል። አሁን ብተወው ደግሞ "ዳግመኛ ያቋረጠው" ሊሉኝ ነው። በቃ፣ ገባሁበት።

ማክሰኞ፣ መስከረም 6

ኮርሶቼን አቀድኩ። አካውንቲንግ፣ የቅዳሜና እሁድ። አምስት ኮርስ! ሂሳብ ግን ለሚቀጥለው ዓመት... ወይም ለሚቀጥለው ሕይወት። ስምረት አየችና "ሥራህን ለቀሃል እንዴ?" አለች። ወደ ሦስት አወረድኩት።

ዲናን "የግቢያችሁ ሬጅስትራር የቱ ጋ ነው? አብረሽኝ ትሄጃለሽ?" አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። "አታጣውም አባዬ።" አፈረችብኝ። ራሰ በራ አባት ይዞ ግቢ መግባት... እኔስ ብሆን?

ሐሙስ፣ መስከረም 8

የፈጣሪ ያለህ!

ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም ሰልፍ። "ድጋሚ ቅበላ" ይላል። አቋርጦ የሚመለሰውም፣ በውጤት የተባረረውም እዚያው። ከፊቴ የቆመችውን ልጅ ሻርፕ የማውቀው መሰለኝ። ዞር ስትል... ዲና!

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አልኩ። ከዚያ ቀና ብዬ የመስኮቱን ጽሑፍ እንደገና አነበብኩ።

"የካቲት ላይ ተባረርኩ" አለች፣ በሹክሹክታ።

የካቲት! ታዲያ በየጠዋቱ ቦርሳ አንግታ የት ነበር የምትሄደው? ጓደኛዋ ኑርሀን ዘንድ፣ የኑርሀን እናት ሱቅ። ሽቶ ስትሸጥ ከርማለች። እኔ ደግሞ ሽታዋ ሲቀየር ፍቅር የያዛት መስሎኝ...

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ከኋላ አንዷ "ፋዘር፣ ሰልፉ እየሄደ ነው" አለችኝ። እዚያው መስኮት ላይ ተሰልፌ ማንን ልቆጣ?

ሻይ ቤት ተቀመጥን። ሂሳብ ነው የጣላት። "ለሁሉም የገባው ይመስለኝ ነበር። መጠየቅ ፈራሁ።"

"ለኔስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ በኔ ምክንያት አይደል ያቋረጥከው? ምን ብዬ ልንገርህ?"

ሳምቡሳ ጨመርኩላት። ያንን "ባላቋርጥ ኖሮ" የሚለውን አረፍተ ነገር ግን ሁለተኛ አፌ ላይ አላመጣውም።

ዓርብ፣ መስከረም 9

ለእናቷ ራሷ ነገረቻት። እኔ አጠገቧ ቆሜ... ማለቴ በሩ አጠገብ። ስምረት መጀመሪያ የጮኸችው እኔ ላይ ነው። ምን አደረግኩ? ከዚያ ዲና ላይ። ከዚያ አለቀሰች። በመጨረሻ፣ "ለመሆኑ በልታችኋል?"

ማክሰኞ፣ መስከረም 13

ሁለታችንም ተፈቀደልን! ግን ዲና ያንን ሂሳብ መድገም አለባት። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ወይዘሮ ሁዶ፣ "በዚህ መንፈቅ የሚሰጠው ከቅዳሜና እሁድ ተማሪዎቹ ጋር ብቻ ነው" አሏት።

"ከትልልቅ ሰዎች ጋር? ብቻዬን? ይቅርብኝ።" ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ነው።

ወይዘሮ ሁዶ ወደ እኔ ዞሩ። "አቶ ዓለምሰገድ፣ እርስዎስ የትኞቹን መረጡ?"

እንግሊዝኛ፣ ኢኮኖሚክስ... ምን እንዳናገረኝ አላውቅም። "ሂሳብ" አልኩ።

ዲና ቆም አለች። "አባዬ፣ አንተ ሂሳብ ትጠላለህ እኮ!"

"እጠላለሁ። ብቻዬን እንዴት እችለዋለሁ?"

ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠችና ተመዘገበች። እኔን ግን አሁን ፍርሃት ያዘኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

የመጀመሪያው ክፍል። የባንክ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ ፖሊስ... ሁሉም አለ። መምህር አዩብ ትናንት ጢም ያበቀለ ይመስላል። ዲና ራቅ ብላ ትቀመጣለች ብዬ ነበር፤ መጥታ አጠገቤ ዘፍ አለች።

መምህሩ ሰሌዳውን በፊደልና በቁጥር ሞላው። "ግልጽ ነው?" ሁሉም "አዎ" አለ። እኔም አዎ አልኩ! አንዲት ነገር ሳይገባኝ።

ዲና እጇን አወጣች። "መምህር፣ አልገባኝም። ቢደግሙልን?"

ማንም አልሳቀም። ከኋላ አንድ ፖሊስ ጮክ ብሎ "ተባረኪ!" አላት።

መምህሩ ደገመው። ዲና ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ጻፈች... "አሃ!" አለች። ፊቷ በራ።

እኔ አሁንም አልገባኝም።

እጄን አወጣሁ።