መሪውን የያዘው ማን ነበር

ውዴ ታደሰ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ልጃችን ሶስና በቁመት ደርሳብኛለች፤ የአጥሩን በርም ቀለም አስቀብቻለሁ። እኔ ግን ሰው ማመን ካቃተኝ ቆይቷል። ምክንያቱን ልንገርህ።

ከጦር ክፍልህ የመጡት ሰዎች፣ የሠራዊቱን ስንቅ ጭነህ ስትሄድ እንቅልፍ ጥሎህ መኪናው ገደል ገባ አሉኝ። እያለቀስኩ አመንኳቸው። በኋላ ከአንተ ጋር የነበረው ሾፌር ግርማ፣ የተሰበረ እግሩን በክራንች እየጎተተ ቦርሳህን አመጣልኝ። ስከፍተው መነጽርህ ከነማስቀመጫው ተቀምጧል፤ ጭረት እንኳ የለውም። ያለ መነጽር አዲሱ ገበያ ላይ የአውቶቡስ ቁጥር የማይታይህ ሰው፣ ያንን የሚያክል መኪና እንዴት ነዳህ?

ከዚያ ወዲህ ግርማ ሊጠይቀን ሲመጣ ለምን አቀርቅሮ ያወራል እያልኩ አየው ጀመር። ቤተ ክርስቲያን አብሮን ሲጸልይ እኔ ዓይኔን ገልጬ እሱን ነበር የማየው። ሶስና እንኳ፣ “እማዬ፣ ምን አድርጎሽ ነው?” አለችኝ።

አንድ ቅዳሜ መኪናህን ልታሳየን የወሰድከን ትዝ ይልሃል? በራሷ ክሬን የውሃ በርሜል እያነሳች ስትጭን ሶስና አጨበጨበች። አንተ ግን ማሰሪያውን ሦስቴ ፈተሽክ። እንዲህ ያለ ሰው እያንቀላፋ አይነዳም፤ ይህን ከራሴ ማውጣት አልቻልኩም።

ባለፈው ወር ግርማ ለእግሩ ሕክምና ጳውሎስ ሆስፒታል ሲመጣ በሩ ላይ ጠበቅሁትና መነጽርህን እጁ ላይ አስቀመጥኩ።

“እኔ ነበርኩ የምነዳው” አለኝ። “ደክሞኛል ብሎ መሪውን ሰጥቶኝ ተኛ። ኩርባው ላይ ፈጥኜ ገባሁ። ሲጠይቁኝ ፈራሁ... እሱ ሞቷል፣ ምን ይጎዳዋል አልኩ።”

ምን እንደሚጎዳህ ነገርኩት። ልጅህ፣ አባቴ እንቅልፍ ጥሎት ነው ስንቅ የደፋው እያለች ማደጓን ነገርኩት።

ሰኞ ጠዋት አብረን ወደ ጦር ክፍላችሁ ሄድን። የሆነውን ሁሉ ጽፎ ፈረመ። ይቅርታ ጠይቆኛል፤ እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም።

ግልባጩን ለሶስና አነበብኩላት። ወረቀቱን ተቀብላኝ እንደገና ለራሷ አነበበችው።

እኔም በሕይወት እስካለሁ በእውነተኛው አሟሟትህ ነው የማስታውስህ። ሌላ የሚያወራ ቢገጥመኝ፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን አርመዋለሁ።

ባለቤትህ፣ አልማዝ