እሺ ያልኩበት አፈሙዝ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7፣ 1996

ብርድ። የመኪናውን መስታወት በረዶ በካሴት ልባስ ፋቅኩት፤ መፋቂያው የት እንደገባ እንጃ። ከሰፈሬ ከፋልከንሪጅ ተነስቼ ጠመንጃ መጠገኛው ሱቅ እስክደርስ ሂተሩ አልሞቀም። ቢሆንም ተመስገን፣ የምሄደው እንደ ድሮው ስጋ ፋብሪካ አይደለም። በጦሩ ውስጥ መሣሪያ ስጠግን የኖርኩበት ሙያ እዚህ ካልጋሪ እንጀራ ይሆነኛል ብዬ መች አሰብኩ? ይኸው ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ቆሜያለሁ። ያመኑኝ ሚስተር ዋልተር ናቸው፣ የሱቁ ባለቤት፣ ጠመንጃ ሲጠግኑ የሸበቱ ሽማግሌ። “ዋልተር በለኝ” ይሉኛል። እንዴት ተደርጎ? አባቴን የሚያክሉ ሰው!

ሙከራዬ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ከዚያ ወይ ቋሚ፣ ወይ ተመልሶ ስጋ ፋብሪካ...

ቁርስ ላይ ልጄ ሮሚ በግራዬ ተቀምጣ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ። ግራ ጆሮዬ ጡረታ ከወጣ ቆየ፤ የጠገንነውን መሣሪያ ያለ ጆሮ መሸፈኛ እየተኮስን ስንሞክር ነው የሄደው። ለልጅቷ አልነገርኳትም፤ ምን ታደርግልኛለች? “እሺ የኔ ቆንጆ” አልኳት። ፈነጠዘች። ምን እንደሆነ እናቷን እጠይቃለሁ ብዬ... ረሳሁት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8

አዲስ ሥራ። ከፖሊስ ማሠልጠኛ ሁለት አጫጭር ጠመንጃ መጣ፣ የሽጉጥ ጥይት የሚተኩሱ። አፈሙዛቸው ላይ እንደ ብሎን ያለ ጥርስ ወጥቶ ድምፅ ማፈኛ ሊገጠምላቸው ነው። ለሌላው ሰው ማፈኛ ክልክል ነው፣ እስር ቤት ያስገባል። ለእነሱ ተፈቅዷል፤ ሚስተር ዋልተርም የሥራ ፈቃድ አላቸው፣ ዕቃው ካዝና ውስጥ ነው የሚያድረው። ምን ሊያደርግላቸው? አልኩ። ቀኑን ሙሉ የሚያሠለጥኑት ሰዎች ጆሯቸው እያለቀ ነው አሉኝ። ሳላስበው እጄ ግራ ጆሮዬ ላይ ሄደ።

ሚስተር ዋልተር ትዕዛዙን አነበቡልኝ። “ግማሽ ኢንች፣ በኢንች ሃያ ስምንት ጥርስ። ኦኬ?”

“የስ” አልኩ።

ከዚያ ማፈኛውን ጥረግ ተባልኩ። አፈሙዝ የሚገባበትን ቀዳዳ ክዳን ልፈታ ብል ወደ ግራ እምቢ አለ። ወደ ቀኝ ሳዞረው ተፈታ! ግራ ዙር ነው። ጥርሱም የኢንች አይደለም። እኔ ሚሊሜትር ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ዓይኔ ያውቀዋል። ይሄ ከአውሮፓ የመጣ ዕቃ ግማሽ ኢንች አፈሙዝ ላይ መቼም አይገጥምም።

ልንገራቸው? ያውቁ ይሆናል... ሌላ ብልሃት ይኖራቸው ይሆናል... “የስ” ካልኩ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ? ትልቅ ሰው አይታረምም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። ዝም አልኩ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9

ቆረጥኩት። አንዱን አፈሙዝ፣ እንደታዘዝኩት። ጥርሱ ውብ ሆኖ ወጣ፣ ምን ያደርጋል። ሚስተር ዋልተር ማፈኛውን ሊገጥሙ ሞከሩ። አይይዝም፤ ይወዛወዛል። ትዕዛዙን ደግመው አነበቡ። ማፈኛውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከዚያ ፊቴን አዩ። ፊቴ ደግሞ ምንም ነገር መደበቅ አይችልም።

“ታውቅ ነበር?”

“የስ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከትናንት።”

“ታዲያ ለምን እሺ አልከኝ?”

“ትልቅ ሰው ስለሆኑ” አልኩ። በእንግሊዝኛ ሲሰማ እንዴት ያሳፍራል!

ማፈኛውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። “ይሄ ነገር ጠምሞ ተገጥሞ ቢተኮስ ጥይቱ ማፈኛውን ይመታና ሰው ላይ ይፈነዳል። ሂድ ቤትህ። ነገ እናወራለን።”

አለቀልኝ። ስጋ ፋብሪካው ሸተተኝ።

ቤት ስገባ ሌላ ጉድ። ሮሚ አኩርፋለች። እሑድ ለምትዘምረው መዝሙር ዛሬ ልምምድ ነበራት፤ ከቸርች ያመጣቻት ጎረቤታችን ጥሩወርቅ ናት። “ዳዲ፣ መጥተህ ትወስደኛለህ ስልህ እሺ አላልክም? ኤቭሪባዲ ሄደ፣ እኔ ብቻ ዌይት አደረግኩ!” ለካ ሰኞ ቁርስ ላይ የጠየቀችኝ ይሄን ነበር።

ባለቤቴ ሙሉሸዋ የሱቁንም ስነግራት ራሷን ያዘች። “አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እሺታህ ነው የሚጨርሰን።” ሚስት አትሳሳትም... አይ፣ ትሳሳታለች፣ ግን ዛሬ አልተሳሳተችም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

አላባረሩኝም!

ቡና ገዝተው መጡ፣ ለእኔም። “ማፈኛውን ሳልለካ ወረቀት ማመኔ የእኔ ጥፋት ነው” አሉ። “ግን ከዛሬ ጀምሮ ሕግ አለን። ብረት ከመቆረጡ በፊት አንድ ያልተስማማህን ነገር ትነግረኛለህ። ከሌለም ፈልግ።”

ፈለግኩ። ላቤ መጣ። ከቶርኖው ይሄ ከበደኝ። “ቡናው... ቀዝቅዟል” አልኩ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። “ጥሩ ጅምር ነው!”

ጌታ ሆይ፣ በሰው አገር እንዲህ ያለ ሰው ሰጠኸኝ። ምን አድርጌልህ ነው?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 11

የተበላሸውን አፈሙዝ ለማዳን ሚስተር ዋልተር ዘዴ አመጡ። በቆረጥኩት ጥርስ ላይ ቀለበት እናስርና የማፈኛውን ጥርስ ቀለበቱ ላይ እናውጣ። ደስ ብሏቸው ሣሉልኝ። ሥዕሉን አየሁ። አፌ “የስ” ሊል ተዘጋጅቷል...

“ኖ” አልኩ። “ኖ፣ ሚስተር ዋልተር። የውስጡ ቀኝ ዙር፣ የውጪው ግራ ዙር ነው። ማፈኛውን ስናጠብቅ ቀለበቱ ይላላል። ጫፉን ቆርጠን እንጣለውና ከኋላው እንደገና እናውጣ።”

እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሰኩት። ሥዕሉን ጨምድደው ጣሉ። “ማሳጠሩን ደውዬ ላስፈቅድ” አሉ።

ተፈቀደ። አሥራ ሦስት ተኩል ሚሊሜትር፣ ግራ ዙር። በቅድሚያ ማፈኛውን ለካን፣ እሳቸውም እኔም። ከሰዓት ሁለቱም ገጠሙ። በቀዳዳቸው ቀጭን ዘንግ አሳለፍን፤ የትም አይነካም። ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። አሁንም ይሞቀኛል።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12

ተኩስ ሜዳ ሄድን። አሠልጣኟ ሴት ናት። የመጀመሪያዋን ስትተኩስ እኔ ትንፋሼን ይዤ... ከባድ መጽሐፍ ወለል ላይ የወደቀ ያህል ብቻ። ጨረሰችና ወደ እኛ መጣች። “ዛሬ ማታ ጆሮዬ ሳይጮኽ ልተኛ ነው” አለች። ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ። እኛ እኮ ጥጥ እንኳ አልነበረንም። የእሷ ተረፈ። ደስ አለኝ፣ ከልቤ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሚስተር ዋልተር፦ “የወሩን መጨረሻ አንጠብቅም። ከማክሰኞ ጀምሮ ቋሚ ነህ። ኦኬ?”

“የስ” አልኩ። ቀጥዬም “ይሄኛው የእውነት ነው” አልኳቸው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 14

የፈረንጆቹ የምስጋና ቀን። ሱቅ ዝግ። ትናንት ሮሚ ቸርች ዘመረች። ከፊት ተቀመጥኩ፣ ቀኝ ጆሮዬን አስቀድሜ፤ አንድ ቃል አላመለጠኝም።

ዛሬ ቁርስ ላይ በግራዬ ሆና የሆነ ነገር አለችኝ። አፌ ለ“እሺ” ተከፈተ... ዘጋሁት።

“አልሰማሁሽም፣ የኔ እናት። ይሄኛው ጆሮዬ አይሰማም።”

አፍጥጣ አየችኝ። “ኔቨር?”

“ኔቨር።”

ወንበሯን እየጎተተች ዞረችና በቀኜ ተቀመጠች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፦ “ዳዲ፣ ዶግ እናምጣ?”

“አይሆንም።”

ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ዳቦዋን ገመጠች። “ኢትስ ኦኬ” አለች። “አሁን ሰምተኸኛል።”

ምሳም ላይ በቀኜ ተቀመጠች።