ባለቤት ያጣው ተሳቢና የታሰረው ባለቤቴ

ለተከበሩ የመንገድ አደጋ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የከባድ መኪና ባለቤት ስላደረጉኝ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረው ጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ወገብዎ ደህና ነው? ጉልበትዎስ? በተለይ ዓይንዎ እንዴት ነው? ስለ ዓይንዎ አጥብቄ የምጠይቀው፣ በፊርማዎና በማኅተምዎ የወጣውን የአደጋ ምርመራ ሪፖርት ካነበብኩ ጀምሮ ስለ እርሱ ሳልጨነቅ የዋልኩበት ቀን ስለሌለ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ነው ማለት ይቻላል፤ እግሩ ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጄሶ ተጠቅልሎ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ተነሥቶ እንዳይሮጥም ከክፍሉ በር ላይ አንድ ፖሊስ ቆሞለታል። ስለዚህ ጥንቃቄ ሳላመሰግን ማለፍ አልፈልግም።

ባለቤቴ በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ተቀጥሮ ከባድ መኪና የሚነዳ ሹፌር ነው። ጓደኞቹ «ሙሽራው» ይሉታል፤ ከመልኩ የተነሣ እንዳይመስልዎ፣ የሰርግ አጀብ የሚመራ ይመስል ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ነው። ሲሚንቶ ጭኖ ይቅርና እኔን ይዞ ገበያ ሲሄድም ብስክሌት ይቀድመዋል። ባለፈው ወር፣ ዝናቡ ገና ማካፋት በጀመረበት ረፋድ፣ ሲሚንቶ የሞላ ተሳቢ እየጎተተ ወደ ከተማው በሚያስገባው ቁልቁለት ሲወርድ፣ ከፊቱ አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማንሣት ድንገት ቆመ። እርሱም ፍሬን ያዘ። ጎታቹ መኪና ለመቆም ሲታገል ተሳቢው የሰማም አልመሰለ፤ ከኋላ ገፋው፣ አዞረው፣ ከዚያም ሁለቱ እንደ ክርን ታጥፈው ከመንገዱ ዳር ያለ አንድ የፀጉር አስተካካይ ሱቅ ከነግድግዳው ይዘው ገቡ። ሰው አልሞተም። ግማሽ ራሱን የተላጨ አንድ ደንበኛ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ እስከ አደባባዩ ድረስ ሮጧል፤ እስከ ዛሬም የቀረውን ግማሽ ለመላጨት አልተመለሰም።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ፦ ባለሀብት ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። አደጋው በደረሰ ዕለት የመሥሪያ ቤትዎ መርማሪ ሆስፒታል መጥቶ፣ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እንደደቀነ፣ በኮሪደሩ የተሰበሰብነውን ዘመዳሞች «ባለቤቱ ማን ነው?» ሲል ጠየቀን። አማቴ ልጃቸውን ከዳሩ ወዲህ ይህን ቃል የሚያውቁት በአንድ ትርጉም ብቻ ነው፤ በእንባቸው መካከል ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው «ባለቤቱማ ይቺውልህ!» አሉት። መርማሪው የጠየቀው የመኪናውን ባለቤት ነበር፤ አማቴ የነገሩት የልጃቸውን ባለቤት ነበር። እርሱም ሳይጠራጠር ስሜን ከነአያቴ «የተሽከርካሪው ባለቤት» በሚለው ቦታ ላይ ጻፈው። ጥንቃቄ ጎድሎታል አልልም፤ አንድም ፊደል አልሳተም።

በዚህም መሠረት የከባድ መኪናና የተሳቢ ባለቤት ስለሆንኩ የፀጉር ቤቱን ጉዳት እንድክስ የሚያዝ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ደረሰኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ለካ እንዲህ ነው! ባሌ ጥፋተኛ፣ እኔ ካሣ ከፋይ፤ መሥሪያ ቤትዎ ወንጀሉንም ኃላፊነቱንም ከአንድ ትራስ ላይ አግኝቶ ምርመራውን ደመደመ። ስህተቱን ላሳርም ብመጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በትህትና እንዳስረዳችኝ፣ የባለቤትነት ስህተት የሚታረመው ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ ሲያመለክት ነው። የትኛው ባለቤት ብዬ ስጠይቃት ወረቀቱን አየችና «እርስዎ ነዎት» አለችኝ። አመለከትኩ። ማመልከቻዬ የባለቤትነት ማስረጃ አልተያያዘበትም ተብሎ ተመለሰልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት አባቶች የእርስዎን መዝገብ ቤት ሳያዩ ይህን ማለታቸው ይገርመኛል።

ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ በየጠዋቱ በራችን ላይ ይቆማል። ደህና ሰው ነው፤ ድምፁንም አያነሣም፤ «እትዬ፣ ሌላው ቢቀር መስታወቱን ብቻ እንኳ» ይለኛል። ሱቁ ፈርሶ በላስቲክ ዳስ ሥር ነው የሚሠራው፤ ንፋስ በመጣ ቁጥር መቀሱን ትቶ ላስቲኩን ይይዛል። ልጣላው ብሞክር አቃተኝ፤ መጣላት ያለበት ከእኔ ጋር እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ከማን ጋር እንደሆነ ግን በወረቀትዎ ላይ አልተጻፈም።

2ኛ፦ ስለ ቋንቋው። እኔ የሰዋስው መምህርት ነኝና ስለ ሌላው ባይገባኝ ስለዚህ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ሪፖርትዎ «ተሳቢው በመታጠፉ ምክንያት አደጋው ሊደርስ ችሏል» ይላል። እንኳን ቻለ! በዚህ ዘመን ስንቱ ሰው ስንቱ ነገር አልሆንልህ ብሎት ሳለ፣ አንድ አደጋ ጥሮ ግሮ ሊደርስ መቻሉ ያስመሰግነዋል።

ተማሪዎቼን ሳስተምር «ባለቤቱ ማን ነው? ተሳቢው የትኛው ነው?» ብዬ ነው የምጀምረው። ድርጊቱን የፈጸመው ባለቤት ነው፤ ድርጊቱ ያረፈበት ተሳቢ ነው። በእርስዎ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን ተሳቢው ራሱ ባለቤት ሆኖ ቁጭ ብሏል፤ ራሱ አስቦ፣ ራሱ ወስኖ፣ ራሱ ታጠፈ። «አጠፈ» አድራጊ ግሥ ነው፤ አጣፊውን በግልጽ ይጠራል። «ታጠፈ» ተደራጊ ነው፤ አድራጊውን ለመሸሸግ ይመቻል። ልጆቹ ሁልጊዜ የሚረሱት ሦስተኛም አለ፤ «አሳጠፈ»፤ አስደራጊ ይባላል። እጁን ሳያስገባ፣ ቢሮው ተቀምጦ፣ ነገሩ እንዲሆን ያደረገ ሰው ማለት ነው። መርማሪዎችዎ ይህ ትምህርት በተሰጠበት ቀን ከትምህርት ቤት ቀርተው ኖሯል። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ አሽከርካሪው «ከመጠን በላይ በመፍጠኑ» ይላል። ሙሽራው ፈጠነ! ይህን ባነበብኩላቸው ጊዜ ሊጠይቁት የመጡት ጓደኞቹ በሐዘናቸው መካከል ከት ብለው ሳቁ፤ ነርሷም መጥታ ተቆጣችን።

3ኛ፦ ይኼኛውን ምስጋና ላደርገው ብዙ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። የተሳቢ ፍሬን የሚሠራው ከጎታቹ መኪና በቱቦ በሚሄድ አየር ነው። አየሩ ሲያፈስ ወይ ይጠገናል፣ ወይ ወደ ተሳቢው የሚወስደው መዝጊያ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ተሳቢው ያለ ፍሬን ይቀራል። መጠገን መኪናውን ከሥራ ያስቆመዋል፤ መዝጋት ግን እጅን ማዞር ብቻ ነው። በባለቤቴ ድርጅት ግቢ መዝጋቱን «ማስታገስ» ይሉታል፤ ራስ ምታት ያለበት ይመስል «አስታግሰነዋል፣ ውጣ» ይባላል ሹፌሩ። እንዲህ የታገሠ ተሳቢ በደረቅ ሜዳ ላይ ጨዋ ነው። በእርጥብ ቁልቁለት ግን፣ ቁም ሳጥን ተሸክመው በደረጃ የሚወርዱ ሁለት ሰዎችን ያስቡ፤ የፊተኛው ድንገት ቆመ፣ የኋለኛው አልቆመም። የፊተኛው ምን እንደሚሆን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም።

ባለቤቴ ያን ዕለት ጠዋት የተሳቢው ፍሬን እንደማይዝ ለጋራዥ ኃላፊው ነግሮታል። ያገኘው መልስ «አንተ ደግሞ ሙሽራ አይደለህ እንዴ፣ ቀስ እያልክ ውረዳ! ስትመለስ እናየዋለን» የሚል ነበር። እምቢ ያለ ሹፌር ቁልፍ ያስረክባል፤ ቁልፉን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ደግሞ ከበሩ ጠፍቶ አያውቅም። ለምን ቁልፉን አልወረወርክላቸውም ብዬ አልጋው ላይ እንዳለ ጮኼበታለሁ፤ ከዚያም አብሬው አልቅሻለሁ።

ከባሏ አፍ የሰማችውን ነው የምታወራው እንዳይሉኝ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። የገባሁትም በእርስዎ ደግነት ነው። ባለቤት መሆኔን የሚመሰክረውን ወረቀት ለግቢው ጥበቃ ባሳየው ከወንበሩ ዘሎ ተነሥቶ «ውይ እትዬ፣ እርስዎ ኖት እንዴ? ይግቡ፣ ይግቡ!» ብሎ በሩን ከፈተልኝ፤ ጃንጥላም ያዘልኝ። ንብረቴን እየተዘዋወርኩ ጎበኘሁ። ተሳቢው ከጥግ ቆሟል፤ ወደ ፍሬኑ የሚወስደው የአየር መዝጊያ ተዘግቶ፣ በንዝረት እንዳይከፈት በሽቦ ታስሯል። ሽቦው ዝጓል፤ ከአደጋው በኋላ የታሰረ አይደለም ማለት ነው። በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። የጋራዥ ኃላፊው ደርሶ ማን እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ ባለቤት መሆኔን ነገርኩት፤ እርሱ ግን እንደ ጥበቃው ማኅተም አክባሪ አልነበረምና እየገፈተረ አስወጣኝ።

ፎቶውን ለመሥሪያ ቤትዎ አስገባሁ። ፎቶ የቴክኒክ ማስረጃ ስላልሆነ ተሳቢው ራሱ በባለሙያ መታየት አለበት ተባልኩ። እሰይ፣ ታዲያ ይታይ ስል፣ ተሳቢው ተጠግኖ ሥራ እንዲጀምር ለድርጅቱ እንዲለቀቅ ፈርመዋል ተባልኩ። ተፈትቶ፣ ተጠግኖ፣ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ባለሙያዎ ምኑን ሊያየው ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ለዚህ አይደለም?

4ኛ፦ ስለ ሕጉ። እኔ ሕግ አላውቅም፤ ባለቤቴን ሊረዳ የመጣው ጠበቃ ግን በአጭሩ አስረድቶኛል። በእንዲህ ያለ አደጋ የሚጠየቀው ፍሬን የረገጠው እግር ብቻ አይደለም። ሹፌሩ ስለ አነዳዱ፣ የመኪናው ባለቤት መኪናው ስላደረሰው ጉዳት፣ መዝጊያውን የዘጋው ስለ እጁ፣ እያወቀ «ውጣ» ያለው ስለ ትእዛዙ፣ በዓመቱ የመኪና ምርመራ «ብቁ ነው» የሚለውን ምልክት የለጠፈው መርማሪ ደግሞ ስለ ዓይኑ ይጠየቃሉ። የመጨረሻው ሰው ከእርስዎው መሥሪያ ቤት ስለሆነ አልነካካውም፤ ምልክቱን ለመለጠፍ መኪናው ድረስ በእግሩ መሄዱን ብቻ አደንቃለሁ። ሹፌሮቹ «ዋናው» የሚሉት የድርጅቱ ጌታ ግን አንድም ቀን አልተጠራም፤ አንድ ጥያቄም አልተጠየቀም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። አህያው ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ዳውላው ግን ሆስፒታል ተኝቷል።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ቀልዱን ልተወው። ፈርቻለሁ። ችሎቱ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ባለቤቴ ጄሶው ሲወልቅ ወደ ቤቱ ይምጣ ወይ ወደ ወህኒ ይሂድ የምትወስነው ያቺ በሽቦ የታሰረች መዝጊያ ናት። እርሷ ከተፈታች እርሱ ይታሰራል። እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ፤ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ «ተሳቢ» ብዬ እጽፍና ምሳሌውን ሳልሰጥ አጠፋዋለሁ።

ስለዚህ በማኅተምዎ ባገኘሁት የባለቤትነት መብት አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ገለልተኛ ባለሙያ መርምሮ እስኪጽፍ ድረስ ከንብረቴ ላይ አንድ ብሎን እንዳይፈታ ይዘዙልኝ። ባለቤት አይደለሽም የሚሉኝ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱን ይጥሩት። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፤ ምርጫውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ዓይንዎን ያበራልዎ ዘንድ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ወንበርዎም ከቁልቁለት ላይ እንዳይቆም እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

በትዳር የአንድ ሹፌር፣
በእርስዎ ማኅተም የአንድ ከባድ መኪናና የአንድ ተሳቢ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለፀጉር አስተካካዩ (ግድግዳ ሲኖረው የሚለጥፈው)
ለዋናው (ስሙ በየትኛውም ወረቀትዎ ላይ ስላልተገኘ አድራሻውን መሥሪያ ቤትዎ እንዲሞላልኝ)

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ ለጋዜጣ ላደርስ ስወጣ ንብረቴ በፊቴ አለፈ። ተሳቢው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ሲሚንቶ ሞልቶታል፤ ወደዚያው ቁልቁለት ይሄዳል፤ ዝናቡም ማካፋት ጀምሯል። መስቀለኛው መንገድ ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ መዝጊያውን በዓይኔ ፈልጌ አገኘሁት፤ አሁንም ታስሯል፤ ተጠገነ የተባለው ሽቦው ነው፤ በአዲስ ተቀይሯል። የሚነዳው ወጣት ሹፌር ነው። እንዲያቆም እጄን ባወናጭፍ ሰላም ያልኩት መስሎት ፈገግ ብሎ ጥሩንባውን ነፋልኝ። ያገባ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። አግብቶ ከሆነ ግን ጊዜ ሳይሰጡ ሚስቱን ያስፈልጉና እንኳን ደስ አለሽ ይበሏት፤ የከባድ መኪና ባለቤት ልትሆን ነው።