መንገዱ የሚያልፍበት ቤት

ቆቦ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለራዊያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ ልጄ? የጂዳ ሙቀት ትንሽ በረደላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ፤ መሠረተ ትምህርት ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። በስልክማ የወንድምሽ ልጆች ከአፌ እየነጠቁ ያወሩሻል፤ ከዚያ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ተባብለን እንዘጋዋለን። የጎረቤታችን ልጅ ፈሪሀ ወደ እናንተ ልትመጣ ስለሆነ፣ የሆዴን በእጇ ልላክልሽ ብዬ ነው።

ጥንቅሽ ደርሷል። ትናንት አንዲት የጎብዬ ሴት ተሸክማ በደጃችን ስታልፍ አንድ እስር ገዛሁ። ጥርሱ የለኝ! ለማን እንደገዛሁት የገባኝ ቤት ካስገባሁት በኋላ ነው። ልጆቹ ሲያኝኩት እኔ ዞር ብዬ አለቀስኩ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ወንድምሽ ዒምራን ውክልና ላኪልኝ ብሎሻል፤ ለምን እንደሆነ ግን በደንብ አልነገረሽም። ግቢያችን ለሦስት ተከፍሎ ለእኔ፣ ለእሱና ለአንቺ በየስማችን ካርታ እንዲወጣ ማዘጋጃ ቤት አመልክቷል። አልፈረድኩበትም። ሚስቱና ልጆቹ በአንዲት ክፍል ተጣበዋል፤ በስሙ ካርታ ከሌለው ደግሞ ቤት እንዲሠራ አይፈቀድለትም።

አብረን ሄድን። የፕላኑ ሠራተኛ ቅድስት የምትባል ልጅ ናት፤ የአንቺ እኩያ ብትሆን ነው። የከተማውን ፕላን ዘርግታ አሳየችን። በምሥራቅ በኩል፣ አንቺ በተወለድሽበት በአሮጌው ቤታችን ላይ ሰፊ መንገድ ያልፋል። «መቼ?» አልኳት። «አሥር ዓመትም ሊፈጅ ይችላል፣ ከዚያም በላይ። ቦታውን ዛሬ ካልጠበቅነው ግን መቼም አናገኘውም» አለች። ለመንገድ የተያዘው ሲቀነስ የሚተርፈው ለሁለት እንጂ ለሦስት አይበቃም። መንገዱ ላይ ላለው ካርታ አይወጣለትም፣ አዲስ ቤትም አይሠራበትም። አሮጌው ቤት ግን መንገዱ እስኪመጣ መቆየት ይችላል።

እኔ እናትሽ ዝም እላለሁ? «ልጄ፣ እኛ ዛሬ ጠቦን አንቺ ገና ላልተገዛ መኪና ቦታ ትይዣለሽ?» አልኳት። እሷ አልተቆጣችም። «እማማ፣ የጋሽ ይሁኔን ግቢ ያውቁታል?» አለችኝ። አውቀዋለሁ እንጂ። ልጆቹ ማንንም ሳይጠይቁ ተከፋፍለው፣ ሁሉም በየፊናው አጥሮ፣ መግቢያው የፍየል መተላለፊያ ሆኗል። ክረምት ላይ ምራቱን ምጥ ሲይዛት ባጃጅ አልገባ ብሎ በብርድ ልብስ ተሸክመን በጭቃ አወጣናት። አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እውነቷን ነው።

ከቢሮ ስንወጣ ዒምራን መላ አመጣ። «እማ፣ ራዊያ እኮ እዚህ የለችም። አሮጌውን ቤት ለእሷ እናድርገው፤ መንገዱ ሲመጣ ምትክ ይሰጧታል። አንቺ ከእኔ አጠገብ ትሆኛለሽ» አለኝ።

ክፋት አስቦ አይደለም ልጄ፤ እንዳትቀየሚው፣ ቤት የጠበበው ሰው ነው። እኔ ግን ተቆጣሁ። «የሌለ ሰው ድርሻ መንገድ ላይ ይጣላል ያለህ ማነው?» አልኩት። «እኩሌታው ከአባትህ ጋር ያፈራሁት የራሴ ነው። እሱን ለእህትህ ሰጥቻለሁ። ሁለቱ ካርታ በአንተና በእሷ ስም ይውጣ፤ አሮጌው ቤት የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

«ይፈርሳል እኮ እማ!»

«ሲፈርስ እነሣለሁዋ!»

ጥቂት ቀን አኮረፈኝ። ከዚያ ራሱ ይዞኝ ሄደና አስመዘገብን። ቅድስት ብዕሯን አስቀምጣ «እርስዎስ እማማ?» አለችኝ። «እኔማ መንገድሽን እጠብቅልሻለሁ» ስላት ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

ያንቺ ድርሻ በቁርቁራው ዛፍ በኩል ያለው ነው። ዒምራን ችካል ተክሎ ገመድ ወጠረበት። ግድግዳ የለው፣ ጣሪያ የለው፣ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ እጠርገዋለሁ። ሌላዋ ጎረቤታችን አልማዝ በአጥር ላይ ሆና «ባዶ መሬት ምኑ ይጠረጋል?» እያለች ትስቅብኛለች። ልጇ ከአጠገቧ ናት፤ እሷ ምን ታውቃለች።

ውክልናውን ላኪለት። ብሎኬቱን ደርድሮ እየጠበቀ ነው፣ አታጉላዪው። ስለ እኔ አታስቢ። ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ አሁን የምሰግደው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፤ ሌላ ምንም የለብኝም። ግን ናፍቀሽኛል ራውዬ። ማታ በር ሲንኳኳ ዛሬም አንቺ የመጣሽ ይመስለኛል።

አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። የአሠሪሽን ልብ ያራራልሽ፣ የላብሽን ፍሬ በአገርሽ ያብላሽ። ጎረቤቱ ሁሉ መንገዱ እንዲዘገይ ዱዓ የማደርግ ይመስለዋል። እኔስ መንገዱን አልጠላሁትም፤ ይምጣ። የምለምነው በዚህ በር ከእሱ በፊት አንቺ እንድትገቢበት ብቻ ነው።

እናትሽ አሚና