ሦስት ማኅተም ያረፈበት ክብ

አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ጓዳዋ በአንዱ ወረዳ፣ በረንዳዋ በሌላው ይቆጠር ነበር። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች «የኛ አይደለህም» ብለው ስለመለሷቸው ፊደል የቆጠሩት በዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው በ1971 ዓ.ም. በወረዳው ፕላን ጽሕፈት ቤት ተቀጠሩ። በ1976 ዓ.ም. የስልክ ቤት ሠራተኛዋን እናታችንን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ።

የኛን ጨምሮ አራቱ ጎረቤት ወረዳዎች ሁሉም ቲማቲም ያመርታሉ። ሁሉም ለየብቻው ማቀዝቀዣ መጋዘን ጀምሮ ግድግዳው ላይ ሲደርስ አቁሟል። ቲማቲሙ መንገድ ዳር ይበሰብሳል፣ ወጣቱ ጥሎ ይሄዳል፤ የአባታችን አንድ ወንድ ልጅም ሄዷል። ስለዚህ አራቱ አንድ የልማት ምክር ቤት አቋቁመው መጋዘኑን፣ መንገዱንና ሆስፒታሉን በጋራ እንዲሠሩ አባታችን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ለመኑ። «ድር ቢያብር» ሲባል በየስብሰባው የሚያጨበጭበው ሁሉ፣ ብዕር ሲቀርብለት እጁን ኪሱ ይከት ነበር። እናታችንም «እኔን በሦስት ወር ያሳመነ ሰው አራት አስተዳዳሪ አቃተው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ2004 ዓ.ም. መመሥረቻው ተጽፎ አለቀ። አስተዳዳሪዎቹ ግን ማን ከማን በላይ ይፈርም በሚል ተኳረፉ። አባታችን ሳህን ደፍተው በእርሳስ ዙሪያውን አሰመሩና ማኅተሙ ሁሉ በክቡ ላይ እንዲያርፍ አደረጉ፤ ክብ የበላይም የበታችም የለውምና። ከዚያ ወዲህ አገሩ ሁሉ «ጋሽ ክብ» አላቸው። ሦስቱ ወረዳዎች አተሙ። አራተኛው አስተዳዳሪ ወረቀቱን ትክ ብለው አይተው «የኛ ቦታ ወደ ታች ነው» አሉ። አባታችን ወረቀቱን አዙረው ቢያሳዩአቸውም አሻፈረኝ አሉ። በእሳቸው ቦታ የተተኩትም ያንኑ ደገሙ። አባታችን ያችን ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሳያቋርጡ፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት ዓመት ደጅ ጠኑ። ምንም አልሆነም። ይህን አሳምረን ልንናገረው አንችልም።

በመጨረሻም ኩላሊታቸው ታመመ። ሆስፒታል ያለው ከአራተኛው ወረዳ ማዶ ነው፤ የየወረዳው አምቡላንስ ደግሞ ወሰን አይሻገርም። ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ በቃሬዛ ከመኪና ወደ መኪና ተዛወሩ። ሦስተኛው አምቡላንስ የአራተኛው ወረዳ ወሰን ላይ ሲደርስ ቆመ። ሾፌሩ አብረው የነበሩትን እናታችንን «እኔም አባት አለኝ እማማ፣ ግን ካለፍኩ ከሥራ እባረራለሁ» ብሎ አለቀሰ። ከማዶ የሚመጣው መኪና ሁለት ሰዓት ዘገየ። ሲደርስ ታላቅ ልጃቸው የያዘችው እጅ ቀዝቅዞ ነበር። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

አራቱም አስተዳዳሪዎች ዛሬ ሊሸኟቸው ስለመጡ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ወረቀቱ በራስጌያቸው ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ባዶው ቦታ ወደ ላይ እንዲሆን አዙረን አስቀምጠነዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ወረዳህ የት ነው ከማይባልበት ያሳርፍልን።