አራት መርፌዎችና የወንድሜ ወፍጮ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ደምሴን ዛሬ አላናገርኩትም። “አያ” ማለቱንም ትቻለሁ፤ የማያዝን ታላቅ ወንድም አያ አይባልም። የማይክሮስኮፔን አራት መርፌዎች ስሱ ንጣፍ ላይ ላሳርፍ ስል ከግድግዳው ወዲያ የሩዝ ወፍጮውን አስነሳ። የመለኪያው ቁጥር እንደ ፌንጣ ዘለለ። አንዷ መርፌ ጫፏ ተጣመመ፤ እሷን ለማሾል ስንት ደክሜ።

ሰኞ መምህሬ ከባሕር ዳር ይመጣሉ። ጡጫ የምታህለው ማይክሮስኮፔ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ንጣፍ ላይ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍ መለካት አለባት፤ ሁለቱ መርፌዎች ያስተላልፋሉ፣ ሁለቱ ይለካሉ። ቁጥሩ ከረጋ የጥናቱ ሥራ የኔ ነው። ካልረጋ አብሮኝ ለሚማረው ለበረከት ይሰጣል። በረከት ንድፉን እንኳ ከኔ ነው የቀዳው።

ቤተ ሙከራችን እድሳት ላይ ባይሆን ወረታ መጥቼ ከወፍጮ ጋር አልጋፋም ነበር።

ረቡዕ

ለመንኩት። ከሰዓት በኋላ ብቻ አጥፋው አልኩት። ወረፋ በሚጠብቁት ሰዎች ፊት፣ “እኒህ ሰዎች ከቁሐር ሚካኤል ድረስ ሩዝ ጭነው መጥተው፣ የእቴ መርፌ ተንቀጠቀጠችና ተመለሱ ልበላቸው?” አለ። ሳቁ። “ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም” ብሎ ጨመረበት። በሩን በላዩ ላይ ወረወርኩት።

ከሥር የጎማ ከመነዳሪ አደረግሁ። አሸዋም ሞከርኩ። ምንም። ወፍጮውንም፣ ይህን የፎገራ ጥቁር አፈርም፣ እሱንም ጠላሁ።

ሐሙስ

ምሳ ለየብቻ በላን። እማዬ ሁለታችንንም አኩርፋለች። ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ወፍጮ አይነሳም። መልአኩ ከወንድሜ ይሻላል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሁሉም ንግሥ ሄዱ። እኔ ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። የኅዳር ጭስ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋሁ፣ መርፌዎቹን አሳረፍኩ።

ተንቀጠቀጡ።

ባጃጅ ሲያልፍ፣ እኔው ስራመድ፣ ስተነፍስም ጭምር። መርፌ የያዘውን ክንድ በጥፍሬ ነካ ባደርገው ቶሎ አልረጋ አለ። ክንዶቹን ለጣቴ እንዲመቹኝ ብዬ ያስረዘምኳቸው እኔ ነኝ። መምህሬ “አሳጥሪው፣ ያጠረ አይወዛወዝም” ሲሉኝ እሺ ብዬ በልቤ ስቄ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። በጣም ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ አልጽፍም።

ቅዳሜ

ብረት መቁረጫው ያለው ወፍጮ ቤት ነው። ገብቼ አነሳሁ። ደምሴ አየኝና “ጣትሽን” አለ። ክንዶቹን ቆረጥኩ። አሁን ጣቴ አይገባም፤ በወረንጦ እየቆነጠርኩ ነው የምሠራው። ሁለት መርፌ አጠፋሁ፤ ሌላ አሾልኩ። አለቀስኩም።

ሰኞ

መምህሬ መንገድ ላይ ነኝ፣ ሐሙሲት ደርሻለሁ ብለው ደወሉ። ደምሴ ከእማዬ ሰምቶ ኖሯል፣ ገለባ እንደለበሰ መጥቶ የክፍሌ በር ላይ ቆመ። ወረፋ ጠባቂዎቹ ደጅ ሞልተዋል።

“እንግዳሽ እስኪሄዱ ላጥፋው?”

“አያ፣ አታጥፋው” አልኩት።

“አሁንም አኩርፈሻል?”

እጁን ይዤ አስገባሁትና ቁጥሩን አሳየሁት። ወፍጮው ግድግዳውን እያንቀጠቀጠ ነው፤ ቁጥሩ ግን ረግቷል። ጎንበስ ብሎ አየው።

“ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ በምን ጥፋቴ ነው የተኮረፍኩት?”

መምህሬ በሩን አንኳኩ። ሥራው ተሰጠኝ። ይቅርታው ለነገ ይደር።